ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን፦ ብዙ ያልተነዳች ፈጣን መኪና ሞተርን ለማሻሻል ከመወሰናችሁ በፊት

አጎቴ ከጀርመን ሲመለስ ይዟት የመጣት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ጅማ ውስጥ ከአንድ የቡና መጋዘን ጀርባ ለዓመታት ቆማ ኖረች። በ2005 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ ሁለት ሊትር፣ ባለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያላት)፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት መኪና ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ የተሰጣት ጉልበት 225 ፈረስ ገደማ ነው። አጎቴ ዕድሜው ሲገፋ ቁልፉን ለእኔ አስረከበኝ። ኮንታኪሎሜትሩን ብመለከት 38,412 ይላል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወሬው በሰፈሩ እንደተሰማ ምክሩ ጎረፈ። አንዱ ተርቦውን በትልቅ ቀይረው ይላል፤ ሌላው የሞተሩን ኮምፒውተር አስከፍተህ ግፊቱን አስጨምር ይላል፤ ሦስተኛው ማርሚታውን አውጣና ድምጿን እንስማ ይላል። ሁሉም የሚያነሡት ምክንያት አንድ ነበር፦ «ብዙ ስላልተነዳች ትችላለች።» እኔም አምኜ ነበር። ዛሬ ግን «ትችላለች» የሚለው ቃል ሳይለካ መነገር እንደሌለበት አውቃለሁ። ብዙ ያልተነዳ ሞተር ሀብት ነው፤ አንዴ ከተፈታ በኋላ «ፋብሪካው እንዳሰረው ነው» ተብሎ ሊነገርለት አይችልም። ስለዚህ ውሳኔው የሚያስፈልገውን ጊዜ ስጡት። እኔን ስምንት ወር ወስዶብኛል፤ የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል እነሆ።

አንደኛ፦ የጎደላችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ወረቀት አውጡና «ይህን ሞተር ማሻሻል የምፈልገው … ስለሆነ ነው» የሚለውን ሙሉ። «ጓደኞቼ ስላሉኝ» ከሆነ መመሪያው እዚህ ላይ አብቅቷል። «ዳገት ላይ ትደክማለች» ከሆነ ግን ጥሩ መነሻ አገኛችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። የእኔ ዓረፍተ ነገር «ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ስወጣ ከኋላዬ ያለው ፒክአፕ ይደርስብኛል» የሚል ነበር። ፈጣን የተባለች መኪና በዚያ የጅማና የአዲስ አበባ መንገድ ረጅም ዳገት ላይ በፒክአፕ ስትቀደም ማየት ልብ ያቆስላል። ነገር ግን ያ ዓረፍተ ነገር ስለ ጉልበት ማነስ እንጂ ስለ ጉልበት መጨመር እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንዲት ጤነኛ ያልሆነች መኪና ላይ ጉልበት የሚጨምር ሰው የታመመን ሰው ሸክም እያሸከመ ነው።

መኪናዋን የምትነዱበትንም መንገድ አብራችሁ ጻፉ። እዚህ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ወደ ጅሬን፣ ከኮቺ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚደረግ የከተማ ጉዞ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ የሚሄዱበት ነው። በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ቡና ወደሚለቀምበት ቀበሌ የሚገባው ፒስታ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ትልቅ ተርቦ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ነው፤ በከተማ ውስጥ እንዲያውም ከድሮው የዘገየች መኪና ያስረክባችኋል።

ሁለተኛ፦ ኮንታኪሎሜትሩን መርምሩት

አጎቴን አምነዋለሁ፤ ቢሆንም መረመርኩ። የምትገዙት ከማታውቁት ሰው ከሆነማ ምርመራው ግዴታ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ኋላ መመለስም ሆነ መሪው ፊት ያለውን የመለኪያ ሰሌዳ በሙሉ መቀየር ይቻላልና። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎችን ጎማ ተመልከቱ፤ 40,000 ኪሎ ሜትር የተነዳች መኪና ፔዳል ጠርዙ አያልቅም። መሪው ከላይ በኩል ተልጦ ከሆነ፣ የሾፌሩ ወንበር የጎን ድጋፍ ከተሰበረ ጠርጥሩ። ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፦ «2305» ማለት በ2005 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ጎማ ገና እግሯ ላይ ካለ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ይደግፋል፤ ጎማው ራሱ ግን የሚጣል ነው። የድሮ የሰርቪስ ደብተር፣ ሞተሩ አጠገብ የተለጠፈ የዘይት መቀየሪያ ወረቀት፣ ካለም የውጭ አገር የምርመራ ሰነድ ሰብስቡና ቀኖቹንና ኪሎ ሜትሮቹን በተርታ ጻፉ። ተርታው ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ሦስተኛ፦ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ዕድሜውን አክሙ

ጅማ ቡና የሚያውቅ ከተማ ነውና በቡና ልናገር። ጆንያ ውስጥ ለአሥር ዓመት የተቀመጠ ቡና አልተቆላም፣ አልተፈጨም፣ አልተጠጣም፤ ግን ማንም አዲስ ቡና ነው ብሎ አይገዛውም። የቆመች መኪናም እንዲሁ ናት። ጎማና ላስቲክ በመንዳት ብቻ ሳይሆን በዓመታት ብዛትም ይደርቃል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ለዚህም ነው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው። ታንክ ውስጥ ለብዙ ወራት የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ተንኖ የሚጣበቅ ዝቃጭ ያስቀራል። አልፎ አልፎ ተነሥታ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የምትሠራ መኪና ደግሞ ይብሳታል፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውኃና ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። የጅማ ክረምት እርጥበት ሲታከልበት የዘይት ክዳኑ ሥር ቅቤ የመሰለ ነጭ ነገር ብታገኙ አትደነግጡ፤ መጀመሪያ ረጅም መንገድ ነድታችሁ እንደገና እዩት። ከጠፋ እርጥበት ነበር፤ ከተመለሰና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል ገብቶ የሚያሽገውን ሽፋን፣ ጠርጥሩ።

ከሁሉ በላይ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን (የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮቹን) የሚከፍተውን ዘንግ፣ የምታዞረውን ቺንጊያ አትርሱ። እንደ እኔዋ ባለ ሞተር ላይ ያቺ ቺንጊያ ከተበጠሰች ቫልቮላዎቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ስለ ማሻሻል የሚነሣው ጥያቄም በዚያችው ቅጽበት ያበቃል። አምራቾች ለእንዲህ ዓይነት ቺንጊያ የኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን የዓመት ገደብም ያስቀምጣሉ። 38,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሄደች ብትሆንም ያረጀች ቺንጊያ ያረጀች ናት። ስትቀይሩ መወጠሪያውን፣ የምትዞርባቸውን ሮለሮችና የውኃ ፖምፓውን አብራችሁ ቀይሩ፤ ሥራው አንድ ስለሆነ የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ አትከፍሉም።

ቀጥሎ የሞተር፣ የካምቢዮና የዴፈረንሻል ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይት፣ ካንዴላ፣ የቤንዚንና የአየር ፍልትሮ፣ የተሰነጠቁ የላስቲክ ቱቦዎች። አይጥ የበላው ሽቦ መኖሩንም ፈትሹ፤ መጋዘን አጠገብ ለቆመች መኪና ይህ ዋና ጉዳይ ነው። እኔ የተርቦው ግፊት የሚያመልጥባት፣ ከጣት የቀጠነች አንዲት ቱቦ ተሰንጥቃ አገኘሁ። የእሷ ዋጋ የአንድ ምሳ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሳታስጨንቋት ንዱና ዘይቱን እንደገና ቀይሩ። የመጀመሪያው ዘይት የሚያጥበው የቆየ እድፍ አለ።

ቱቦዋንና ፍልትሮዎቹን ቀይሬ ወደ ጊቤ ወርጄ ስመለስ ፒክአፑ አልደረሰብኝም። ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉትን እዚህ ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ ብዬ አምናለሁ፤ ያገኘ ሰው ቢያቆም አያፍርም።

አራተኛ፦ ለኩ፣ ቁጥሩንም ጻፉ

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ሞተር የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ልኬት የኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳየው ነው። ሞተሩን እስኪሞቅ አስነሡ፣ ከዚያ አጥፉት። ቤንዚንና እሳት እንዳይኖር የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝና የእሳት ማቀጣጠያዎቹን ሶኬት ንቀሉ። አራቱንም ካንዴላዎች አውጡ። እንደ ሱባሩ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ በተኙበት ሞተር ላይ ካንዴላዎቹ ጎን ለጎን ስለተደበቁ ባትሪውንና የአየር ፍልትሮውን ሳጥን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ባትሪውን ከአነሣችሁ ለሙከራው በሽቦ አገናኙት፣ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። መለኪያውን በአንድ ሲሊንደር ላይ አስራችሁ አንድ ሰው ቤንዚን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥና ሞተሪኖውን ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም ያሽከርክር። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ጊዜ ስጡ። አራቱን ቁጥር ጻፉ።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ያኔ ልኬቱን የሠራልኝ አንድ ጋራዥ ነበር። ባለሙያው የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ከመለኪያው ጋር አስተያይቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ፣ ፋሻ (ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት) ይቀየር፤ ካወረድነው ደግሞ በዚያው ጠንካራ ፒስቶን እናስገባለት» አለኝ። ያለ ምንም ጭስ፣ ያለ ዘይት መጉደል ሞተሬ ሊፈታ ነበር። ቀብድ ልከፍል ስል አብሮኝ የነበረው አንጋፋ መካኒክ ክንዴን ያዘና «ልጄ፣ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አልገባኝም። «ባሕር ዳርቻ ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ሳይናገር መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

የተናገረው ነገር እንዲህ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ ወደ 82 ይወርዳል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ሲጀምር ያገኘውን አየር ነውና የሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ካነሰ የሚያሳየውም ያንሳል። መጽሐፉ 12 ባር (አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው) የሚል ከሆነ ፍጹም ጤነኛ ሞተር ጅማ ላይ 9.7 አካባቢ ቢያሳይ ትክክለኛው ነው። በአዲስ አበባ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ስሌት አለማወቅ ስንት ጤነኛ ሞተር ተፈትቶ ይሆን ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከፋኛል።

ስለዚህ ከቁጥሩ መጠን በላይ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከመቶ አሥር ባልበለጠ ቢያንስ መልካም ነው። አንዱ ብቻ ወርዶ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ላይ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። በተኙ ሲሊንደሮች ላይ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚያደላ ይህ ሙከራ እንደ ቆመ ሞተር ጥርት ያለ መልስ አይሰጥም፤ ፍንጭ ብላችሁ ውሰዱት።

የተሻለው ልኬት የአየር ማምለጥ ሙከራ ነው። ፒስቶኑን ከላይ አድርሳችሁ፣ ሁለቱም ዓይነት ቫልቮላ ተዘግቶ ሳለ፣ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ታስገባላችሁ፤ መሣሪያው ከመቶ ስንት እንደሚያመልጥ ያሳያል። እዚህ የሚወዳደረው የገባውና ያመለጠው ስለሆነ ከፍታው ብዙም አያሳስትም። ከ10 በታች ጥሩ ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ። ጆሯችሁን አቅርቡ፦ በዘይት ክዳኑ በኩል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻ፣ በማርሚታው በኩል ከሆነ የጭስ ማስወጫ ቫልቮላ፣ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የማስገቢያው ቫልቮላ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። አየሩ ሞተሩን በድንገት ሊያሽከረክረው ስለሚችል ቁልፍ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ትታችሁ አትሂዱ፣ እጃችሁንም ከቺንጊያው አርቁ።

የወጣውን የዘይት ፍልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን በፀሐይ ዘርጉት። ጥቂት የደቀቀ ነገር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እንደ ብር ወይም እንደ መዳብ የሚያብለጨልጭ ብናኝ በርከት ካለ ግን ብሮንዚኖቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ለስላሳ ብረቶች) እያለቁ ነው፣ ስለ ጉልበት መጨመር ማሰብ አቁሙ። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ አዲስ ዓይነት ሞተር ካላችሁ ደግሞ የማስገቢያ ቫልቮላዎቹ ጀርባ ላይ ጥላሸት መጋገሩን በካሜራ አስመርምሩ፤ አጫጭር ጉዞ ይህን ያባብሰዋል።

አምስተኛ፦ የጅማን አየር በስሌታችሁ አስገቡ

ከላይ የተነገረው የአየር ማነስ ለማሻሻል ውሳኔም ትልቅ ትርጉም አለው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ያጣል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ከፍታው ነው። ተርቦ ያለው ብዙውን ያካክሳል፤ ግን በነጻ አይደለም። በባሕር ዳርቻ 1 ባር ግፊት የሚጨምር ተርቦ አየሩን ወደ ሁለት እጥፍ ይጨምቃል። ጅማ ላይ ከ0.82 ባር ተነሥቶ እዚያው ድምር ላይ ለመድረስ 2.45 እጥፍ መጨመቅ አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ከ2.6 በላይ። ያንን ለማድረግ የተርቦው ዘንግ ይበልጥ ይፈጥናል፣ የሚያወጣው አየርም ይበልጥ ይሞቃል። ሞቃት አየር ለማንኳኳት፣ ማለትም ቤንዚኑ ከእሳቱ ቀድሞ ራሱ ለመፈንዳት፣ ይቀርባል።

ውጭ አገር ተሠርቶ በኮምፒውተር ፋይል የሚሸጥ የግፊት ማስጨመሪያ ፕሮግራም ይህን አያውቅም። የተሠራው ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ከፍታ፣ በሌላ ቤንዚን ነው። «ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ነው» ቢሏችሁ ያ ሁሉ ሰው ከባሕር ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚኖር ጠይቁ። ሞተሩ በፋብሪካው ቅንብር እየሠራ እንኳ እዚህ አገር ተርቦው ከተወለደበት ቦታ ይበልጥ እየለፋ ነው። ያለችው መጠባበቂያ አቅም ከፊሏ ተወስዳለች ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ማደያው የሚሰጣችሁን እወቁ

ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት መጠን ነው። እዚህ ማደያ ሄደን «ከፍተኛ ኦክቴን ስጠኝ» ብለን አንመርጥም፤ የመጣውን እንቀዳለን። ወረፋ በበዛበት ወቅት ደግሞ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ያጋጥማል፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ከእሳቱ ቀድሞ ራሱ ይፈነዳል፤ የፒስቶኑን ጠርዝ በመዶሻ እንደመምታት ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር በጆሮ ሴንሰሩ ሰምቶ እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበት ይቀንሳል፤ የመከላከል አቅሙ ግን ወሰን አለው። በፋብሪካ ቅንብር ላይ አንድ ጊዜ መጥፎ ቤንዚን መቅዳት ደካማ ቀን ነው። ግፊቱ በተጨመረ ሞተር ላይ ያው ስህተት የተሰበረ ፒስቶን ሊሆን ይችላል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ፦ ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ጀሪካን መንዳት ካልቻልኩ ግፊት መጨመር አይገባኝም።

ሰባተኛ፦ የሚመለሰውን ከማይመለሰው ለዩ

ሁለት ገጽ ክፈቱ። በአንዱ ላይ በአንድ ቀን ተፈትቶ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የሚመለሰውን፣ በሌላው ላይ ከተሠራ የማይመለሰውን ጻፉ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የተሻለ የፍሬን ዘይት፣ ሰፋ ያለ ራዲያተር፣ የግፊትና የሙቀት መለኪያ ሰዓቶች የመጀመሪያው ገጽ ናቸው። ቴስታታ ማስፈልፈል፣ ሲሊንደር ማስፋት፣ ፒስቶን መቀየር፣ ላሜራ መቁረጥ ሁለተኛው ናቸው። ሁለተኛውን ገጽ ብዙ ላልተነዳ ጤነኛ ሞተር አልመክርም፤ ይህን ያለ ማቅማማት እናገራለሁ። የግድ ጠንካራ ሞተር የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ሞተር ገዝቶ እርሱን ይሥራ፣ የመጀመሪያውን በዘይት ቀብቶ፣ ሸፍኖ ያስቀምጥ።

የሚመለሱ የሚመስሉ ግን ተንኮል ያለባቸውም አሉ። ክፍት የአየር ፍልትሮ ድምፁ ያማልላል፤ ነገር ግን የሞተሩን ክፍል ትኩስ አየር ይስባል፣ የእኛን የፒስታ አቧራ ደግሞ ከፋብሪካው የወረቀት ፍልትሮ ባነሰ ጥንቃቄ ያጣራል። በዘይት የሚርስ ዓይነት ከሆነ ትርፍ ዘይቱ የአየር መጠን ሴንሰሩን ሊያቆሽሽ ይችላል። ሰፊ ማርሚታም እንዲሁ፦ ባለ ተርቦ ሞተር ላይ የጭሱ መውጫ ሲሰፋ ተርቦው ከታዘዘው በላይ ግፊት ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ «ማርሚታ ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም፣ ቅንብሩ አብሮ መታየት አለበት።

ደግሞም ሞተሩ ብቻውን አይደለም። ጉልበት ስትጨምሩ ሸክሙን የሚቀበለው የነዳጅ ፖምፓ፣ መርጫው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ነው። የዚህች መኪና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ጥርሱን በመስበር ይታወቃል፤ አራት ጎማ የሚጎትት መኪና ከቆመችበት በድንገት ስትለቀቅ ጎማው ስለማይንሸራተት ድንጋጤው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ስምንተኛ፦ ወረቀት

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ከቀየራችሁ ለመዘገባችሁ የትራንስፖርት ቢሮ አሳውቃችሁ ወረቀቱን አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ለቦሎ ስትቀርቡም ሆነ ስትሸጡ ችግር ነው። ለኢንሹራንሱም ማሻሻሉን በጽሑፍ ግለጹ፤ የተሸሸገ ለውጥ በአደጋ ቀን ካሳ ሊያስከለክል ይችላል።

ዘጠነኛ፦ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ቁጠሩ

የዕቃው ዋጋ ትንሹ ክፍል ነው። ዕቃው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሰው እጅ እስኪደርስ መኪናዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ በተሳሳተ ልክ ከመጣ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ ያሰባችሁትን ደምሩና ግማሹን ያህል ለማይታወቅ ወጪ አስቀምጡ። ያ መጠባበቂያ ከሌለ አትጀምሩ፤ በየጋራዡ ግቢ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች ብዙዎቹ በግማሽ መንገድ ገንዘብ ያለቀባቸው ናቸው።

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንዲህ ያለችውን መኪና አበላሽቼ ሌላ አመጣለሁ ማለት ቀላል አይደለም። ያልተነካችና ሰነዷ የተሟላ ሆና መቆየቷ ዋጋዋን ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

አሥረኛ፦ ወስኑ፣ ከወሰናችሁም በዝግታ ሂዱ

ልኬቶቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ ከጥገና በኋላም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ እውነት ሆኖ ከቀረ፣ መጠባበቂያው ገንዘብ ካለ፣ የቤንዚኑ ምንጭ ከታመነ፣ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ላይ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያቀናብር ባለሙያ ካገኛችሁ ማሻሻል ትችላላችሁ። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ቢያንስ ለዚህ ዓመት ተዉት።

ባለሙያውን ስትመርጡ ስንት ፈረስ እንደሚሰጣችሁ አትጠይቁ። የአየርና የነዳጅ ምጣኔን በምን እንደሚለካ፣ ማንኳኳትን እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም ቅጂ አስቀምጦ እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ። ባለ ተርቦ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ጊዜ ምጣኔው ብዙውን ጊዜ ከ12 በታች፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት እንዲሆን ይደረጋል፤ ነዳጁ ሙቀትም ይቀንሳልና። «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ለካርቡሬተር ዘመን ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ቅደም ተከተሉ ጎማና ፍሬን፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ ቀጥሎ መለኪያዎች፣ መጨረሻ ላይ ጉልበት ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ፣ የዘይቱን መጠን፣ የውኃውን ሙቀትና የነዳጁን ፍጆታ በደብተር ጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ችግር ሲመጣ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ለሙቀት ፈተና ከጊቤ ወደ አበልቲ የሚወጣውን ዳገት የመሰለ የለም፦ ሸለቆው ይሞቃል፣ ዳገቱ ይረዝማል። ፍጥነት ሳታበዙ፣ ረጋ ብላችሁ ውጡና የሙቀት ቀስቱን ብቻ ተከታተሉ፤ መንገዱ የከባድ መኪኖችና የመንደር ልጆችም ነው። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ተርቦው እንዲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ።

ከመኪናዋ የምታወጡትን ሁሉ አታጥቡ፣ አትሽጡ፣ አታውሱ። ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። የጅማ እርጥበት ያልተቀባን ብረት በአንድ ክረምት ያዝገዋል።

እኔ በመጨረሻ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ራዲያተርና ሁለት የመለኪያ ሰዓቶች አደረግሁ። ሞተሩን አልነካሁትም። የአራቱ ሲሊንደሮች ቁጥር 9.6፣ 9.5፣ 9.7 እና 9.4 ሆኖ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ሥር አንጋፋው መካኒክ በራሱ እጅ «የጅማ» ብሎ ጽፎበታል። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር እንደገና እንለካለን።